ከእንዝርት እስከ ኢንተርኔት፦ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራና ሒሳቡ



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤያችን ሦስት ወጣት አባላት አንድ ጥያቄ ይዘው ቀርበው ነበር። ከቁጠባና ብድር ሣጥናችን ለላፕቶፕ መግዣ ብድር ይፈቀድልን የሚል ነው። ሐሳባቸው እዚሁ ጢቾ፣ ቤታቸው ሆነው፣ ልጆቻቸውን እያሳደጉ በኢንተርኔት ሥራ እየተቀበሉ ገቢ ማግኘት ነው። ከእናቶች አንዷ ተነሡና «ልጆቼ፣ ቤት ተቀምጦ የሚገኝ ገንዘብ ደግሞ ከየት ይመጣል?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። በኋላ ግን ትዝ ሲለኝ፣ እኒያ እናት ራሳቸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቤታቸው ተቀምጠው ጠላ እየጠመቁ አምስት ልጅ አሳድገዋል።

ኮሚቴው የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ እንደመሆኔ ጉዳዩን አጥንቼ እንዳቀርብ አዘዘኝ። እኔም ቁጥር ከመደመሬ በፊት ወደ ኋላ ሄጄ ታሪኩን ለማየት ፈለግሁ። ቤት ውስጥ ሠርቶ ገቢ ማግኘት ለእኛ ደጋ አዲስ ነገር አይደለምና ነው። ሳገላብጠው ሦስት ጥያቄዎች በየዘመኑ እየተመላለሱ መጡብኝ። ዋጋውን የሚቆርጠው ማን ነው? ገንዘቡን የሚቀበለው ማን ነው? መዝገቡስ በማን እጅ ነው? ይህ ጽሑፍ የእነዚህ የሦስቱ ጥያቄዎች ታሪክ ነው።

እንዝርቱ

አያቴ ጥጥ ስትፈትል አይቼ አድጌያለሁ። የእኛ ደጋ ጥጥ አያበቅልም፤ ጥጡ ከቆላ ተጭኖ ገበያ ይመጣል። እሷ ገዝታ ትዳምጠዋለች፣ በደጋን ትነድፈዋለች፣ ታባዝተዋለች። የቀኑ ሥራ ሲያልቅና ልጆች ሲተኙ በኩራዝ ብርሃን ቁጭ ብላ ትፈትላለች። ልቃቂቱ ሲበቃ ለሸማኔ ይሰጣል። አንድ ጋቢ ለመሸመን ከሚወስደው ጊዜ ይልቅ ድሩንና ማጉን ለመፍተል የሚወስደው ጊዜ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ገበያ ላይ ግን ጋቢው የሸማኔው ሥራ ነው፤ ዋጋ ሲቆረጥም የሚነሣው የሸማኔው እጅ ነው። አያቴ ስንት ሌሊት እንደፈተለች የጠየቃት የለም። እሷም አልቆጠረችም።

«ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት» የሚለው ተረት የሚነግረን ሴት ማጀት ውስጥ እንደምትሠራ ብቻ አይደለም። ዋጋና ውል የሚነገርበት ቦታ ሌላ መሆኑንም ይነግረናል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ነበር። ባል ለሚስቱ አገልጋይ ለመቅጠር አቅም ካጣ፣ የቤቱን ሥራ እሷው ራሷ የመሥራት ግዴታ እንዳለባትም ይደነግግ ነበር። በዚያ ዓይን ማጀት ውስጥ የሚሠራ ነገር ግዴታ እንጂ ሥራ አይደለም። ይህ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በክልላችንም በ1995 ዓ.ም. በወጣው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው። በእነዚህ ሕጎች ባልና ሚስት ቤተሰባቸውንና የጋራ ንብረታቸውን የሚያስተዳድሩት በእኩል መብት ነው። በማኅበራችን ካሉት እናቶች ብዙዎቹ ትዳር የያዙት ከዚያ በፊት ነው።

በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ግን ከዚህ ሁሉ ሕግ በፊት የነበረ አንድ ሥርዓት አለ። ሴት ልጅ ስታገባ ሲንቄ የምትባል በትር ይዛ ትወጣለች። አንዷ ስትበደል ጎረቤቶቿ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩ ክሶ ነገሩ እስኪያልቅም ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ሲንቄ የሚሠራው ብዙ ሆነው ሲወጡ ነው፤ ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ቅቤውና ወተቱ

በአርሲ ላሚቱ የማንም ትሁን፣ ወተቱና ቅቤው የሴቲቱ ነው። ታልባለች፣ ትንጣለች፣ ቅቤውን በቅል ይዛ ገበያ ትወጣለች፤ በገንዘቡም ጨውና ቡና፣ ለልጅም ልብስ ትገዛለች። ትንሽ ገንዘብ ናት፤ ግን አዛዧ እሷው ናት።

በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት መቀመጫውን አሰላ ያደረገ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። ታላላቆቻችን እስከ ዛሬ «ካዱ» እያሉ ያነሡታል። ካዱ ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አቀረበ፣ ቁሉምሳ ላይ ዘር አባዛ፣ ከብት አዳቀለ፣ ወተት የሚረከቡ ጣቢያዎችንም ከፈተ። ለሴቶችም የቤት አያያዝና የምግብ አዘገጃጀት ትምህርት ይሰጥ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ የእርሻው ትርፍ ሲታይ ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞችን አፈናቅለዋል። የእኛ የጢቾ አውራጃ በዚያን ጊዜ ከካዱ ክልል ውጭ ነበረ። ሥራው ጭላሎን፣ ጢቾንና አርባ ጉጉን ያጠቃለለው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ፣ «አርዱ» ሆኖ ወደ መላው አርሲ ሲሰፋ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመን የወተት ጣቢያው ነው። ቅቤ ገበያ ላይ ሲሸጥ ገንዘቡ በሻጯ እጅ ይገባል። ወተት ለጣቢያ ሲሰጥ ግን በየቀኑ ይመዘገብና ሒሳቡ ተጠቃሎ ይከፈላል። ያኔ ገንዘቡን የሚወስደው በመዝገቡ ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ነው። የሰፈረው የባል ስም ከሆነ፣ ማንም ክፉ ሳያስብ፣ ማንም ሳይሰርቅ፣ የሚስት የነበረው ገንዘብ ወደ ባል ኪስ ይሄዳል። አላቢዋ ያችው ናት፤ የተለወጠው መዝገቡ ነው። ወተት የሚሰበስቡ ማኅበራትን ሒሳብ ስሠራ ዛሬም መጀመሪያ የማየው ይህንኑ ነው። የሚያልበው ማን ነው? የሚፈርመውስ?

በደርግ ዘመን የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ተመሠረተ። ብዙ እናቶች ስብሰባ መውጣትና በአደባባይ መናገር የጀመሩት ያኔ ነው። ማኅበሩ ግን የሚታዘዘው ከላይ ነበር። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም ደግሞ መያዣ የሌላቸውን ሰዎች በቡድን እያዋሰ አበደረ። ተቋሙ ዛሬ ባንክ ሆኗል፤ ስሙንም ከዚያችው በትር ወስዶ ሲንቄ ባንክ ተብሏል። ለብዙ የአርሲ ሴት በራሷ ስም የተከፈተላት የመጀመሪያው ደብተር የብድርና የቁጠባ ደብተር ነው።

በሌላው ዓለም

ይህ የእኛ ታሪክ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ነጋዴዎች የበግ ጠጉር በየቤቱ ያድሉ ነበር። ሴቶች ፈትለው ይመልሳሉ፣ የሚከፈላቸውም በፈተሉት መጠን ነው። ነጋዴው ገበያውን ያውቃል፤ ፈታይዋ የምታውቀው ነጋዴውን ብቻ ነው። ጎረቤቷ ስንት እንደተከፈላት እንኳ ሳታውቅ በሰጣት ዋጋ ትስማማለች።

በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1962 ስቴፋኒ ሸርሊ የምትባል ሴት በ6 ፓውንድ መነሻ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፍ ድርጅት አቋቋመች። ሠራተኞቿ ሲያገቡ ወይም ሲወልዱ ከሥራ የወጡ የተማሩ ሴቶች ነበሩ። ፕሮግራሙን ቤታቸው ሆነው በወረቀትና በእርሳስ ይጽፉታል። በሴት ስም ለድርጅቶች የጻፈችው ደብዳቤ መልስ ሲያጣ «ስቲቭ» ብላ በወንድ ስም መፈረም ጀመረች፤ ያኔ መልስ መጣ። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞቿ 297ቱ ሴቶች ነበሩ። ኮንኮርድ የተባለው አውሮፕላን የበረራ መመዝገቢያ ፕሮግራም የተጻፈው በእነዚህ ሴቶች ነው። በኋላም የድርጅቱን አክሲዮን ለሠራተኞቿ አካፍላ ብዙዎቹን ባለሀብት አድርጋለች። ዛሬ «ከቤት ሥራ» የምንለው ነገር ኢንተርኔት ከመምጣቱ ሠላሳ ዓመት ቀደም ብሎ ተሠርቶ ያውቃል። እነዚያ ሴቶች እንደ ፈታይዋ ያልሆኑት ደንበኛውን የያዘው፣ ዋጋውንም የተደራደረው የራሳቸው ድርጅት ስለነበረ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእንደ እኛ ዓይነቱ ማኅበር ይበልጥ ይቀርባል። በሕንድ አገር፣ በአህመዳባድ ከተማ፣ ኤላ ባት የምትባል የሕግ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1972 በግላቸው የሚሠሩ ሴቶችን በማኅበር አደራጀች። ቤታቸው ተቀምጠው ሲጋራ የሚጠቀልሉ፣ ልብስ የሚሰፉ፣ ጭነት በራሳቸው የሚሸከሙ ሴቶች ናቸው። ባንኮች ስላላበደሯቸው እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. 4,000 ሴቶች እያንዳንዳቸው 10 ሩፒ አዋጥተው የራሳቸውን ባንክ ከፈቱ። መፈረም የማይችሉት በፎቶግራፋቸው እየታወቁ ሒሳባቸውን አንቀሳቀሱ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ከቤት ስለሚሠራ ሥራ ስምምነት ቁጥር 177ን ሲያጸድቅ ከጀርባው የገፉት እነዚህ ሴቶች ናቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የምንለው ይኸው ነው።

ኢንተርኔት ሲመጣ

ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ሞባይል ስልክ በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጀመረ። ለረጅም ዘመን የሁለቱም ባለቤት አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር፤ ሁለተኛው ኦፕሬተር ሳፋሪኮም ሥራ የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር አንዲት ሴት ባንክ ቤት ሳትሄድ በራሷ ስልክና በራሷ ስም ገንዘብ መቀበል ቻለች። ከወተት ጣቢያው መዝገብ ጋር ሳስተያየው ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

በእነዚያው ዓመታት ውጭ አገር ሥራ የሚያገናኙ ገበያዎች በኢንተርኔት ተከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1999 ኢላንስ፣ በ2003 ኦዴስክ ተመሠረቱ፤ ተዋሕደው ከ2015 ጀምሮ አፕወርክ ይባላሉ። ሥራው መረጃ ማስገባት፣ ትርጉም፣ ድምፅን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ ሒሳብ መያዝ፣ ሥዕላዊ ንድፍና የመሳሰለው ነው። ገበያው መሐል ቆሞ ድርሻውን ይቆርጣል። አፕወርክ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ከአንድ ደንበኛ ከሚገኘው የመጀመሪያ 500 ዶላር ላይ 20 በመቶ ይወስድ ነበር። ቀጥሎ 10 በመቶ አደረገው፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ እንደ ሥራው እስከ 15 በመቶ የሚደርስ ሆነ።

ለምሳሌ አንዲት ሴት በሰዓት 5 ዶላር 20 ሰዓት ብትሠራ 100 ዶላር ይሆናል። 10 በመቶ ሲቆረጥ 90 ይቀራል። ይህ 90 ዶላር በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በባንክ ምንዛሪ፣ በ57 ብር ሲመታ፣ 5,130 ብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ ዶላር ከ100 ብር አለፈ፤ ያው 90 ዶላር ከ9,000 ብር በላይ ሆነ። ያው ሥራ፣ ያው ሰዓት ነው። ዋጋውን ያነሣውም የጣለውም ከማጀት ውጭ ያለ እጅ ነው።

የእኔ ሒሳብ

እኔም ሞክሬዋለሁ። በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው ከውጭ አገር ሥራ ይቀበልና ለእኛ ያከፋፍል ነበር። የእኔ ድርሻ የአንድ ሱቅ ደረሰኞችን እያየሁ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነው። ማታ ከመሥሪያ ቤት ስመለስ፣ ልጄ ሲተኛ፣ መብራት ካለ እሠራለሁ። የሠራሁበትን ሰዓት በልጄ ደብተር ጀርባ ላይ እጽፍ ነበር። በሦስት ወር 231 ሰዓት ሠርቻለሁ። እጄ የገባው 4,600 ብር ነው። ለኢንተርኔት ያወጣሁት 900 ብር ሲቀነስ 3,700 ብር ይቀራል። ለሰዓት ሲካፈል 16 ብር ገደማ መሆኑ ነው። ደንበኛው ለዚያ ሰው ስንት እንደሚከፍለው አላውቅም ነበር፤ አልጠየቅሁምም። ሒሳብ ተምሬ፣ የሰው ሒሳብ እየሠራሁ፣ የራሴን ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ለሦስት ሳምንት ያህልም ጠፋ። ያ ክረምት ለአርሲ የሐዘን ጊዜ ነበር፤ ከጠፋው የሰው ሕይወት ጋር የእኔን ኪሳራ ላወዳድር አልደፍርም። ነገር ግን የሆነው ይህ ነው፦ ሥራው በቀኑ ስላልደረሰ ደንበኛው ሄደ፣ የመጨረሻው ወር ክፍያም ሳይመጣ ቀረ። የምከስበት ውል የለኝም፤ ስሜ የሰፈረበት መዝገብ የለም። በዚያ ሌሊት አያቴ ትዝ አለችኝ። ከእሷ የምለየው ሰዓቴን በመቁጠሬ ብቻ ነበር።

ሕጋችን ይህን ነገር ጨርሶ አልዘነጋውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለ አሠሪው የቅርብ ቁጥጥር ቤት ውስጥ ሆኖ ስለሚሠራ ሥራ ውል ይደነግጋል፤ አሠሪውም የሠራተኛዋን ስምና የሥራዋን ዓይነት መዝግቦ እንዲይዝ ያዝዛል። አሠሪው ባሕር ማዶ ሲሆን ግን፣ መሐል ያለውም «እኔ አገናኝ ነኝ» ሲል፣ ሕጉን ይዘሽ የምትሄጅበት በር ይጠፋል። ግብሩ ግን አይጠፋም፤ በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ በኢንተርኔት የሚገኝን ገቢም ይመለከታል። ስለዚህ ገቢና ወጪን መጻፍ ለራስ ብቻ ሳይሆን ለግብርም ያስፈልጋል።

ለጥያቄው መልስ

ታሪኩን ካየሁ በኋላ ለኮሚቴው ያቀረብሁት ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ለሦስቱም ለየብቻ ከማበደር ይልቅ ማኅበሩ ሁለት ላፕቶፕ በራሱ ስም ገዝቶ በጽሕፈት ቤታችን ያስቀምጥ። መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪም አብሮ ይገዛ። ደጋፊዎቻችን ሊረዱን ከፈለጉ ባትሪው ላይ ቢሆን እንወዳለን። ቤት ወስዶ መሥራት የምትፈልግ በተራ ትወስዳለች። ሥራው ካልሰመረ ዕዳው በአንዲት ሴት ላይ አይወድቅም።

ሁለተኛ፣ ደንበኛው የማኅበሩ ይሁን። መነሻችን የሩቅ ገበያ ሳይሆን የቅርቡ ቢሆን ይሻላል፦ አሰላና አዲስ አበባ ያሉ ሱቆች ሒሳብ፣ የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ትርጉምና ጽሕፈት። ሁለቱንም ቋንቋ አፋችንን የፈታንባቸው ነን፤ ይህ ከእጃችን ያለ ካፒታል ነው። ደንበኛው ስንት እንደሚከፍል ሠራተኛዋ ሁሉ ታውቅ፤ ማኅበሩ የሚቆርጠውም በጉባኤ ይወሰን።

ሦስተኛ፣ ክፍያው በሠራተኛዋ ስልክና በሠራተኛዋ ስም ይግባ። የወተቱን መዝገብ አንርሳ።

አራተኛ፣ እያንዳንዷ የሠራችበትን ሰዓት ትጻፍ። በየሦስት ወሩ እኔ ደምሬ፣ ወጪ ቀንሼ፣ የሰዓቱ ዋጋ ስንት እንደሆነ ለጉባኤው አቀርባለሁ። ዋጋው ከቀን ሥራ ካነሰ ሳናፍር እናቆማለን።

አምስተኛ፣ በስልካችሁ «ቤትሽ ሆነሽ በቀን ይህን ያህል ታገኛለሽ፣ መጀመሪያ ለመመዝገቢያ ክፈይ» የሚል መልእክት ከመጣ መልስ አትስጡ። ሥራ የሚሰጥ ሰው ይከፍልሻል እንጂ አያስከፍልሽም። ጓደኞችሽን አምጪና ከእነሱ ትርፍ ታገኛለሽ የሚል ከሆነም ትርፉ የጓደኞችሽ ገንዘብ ነው።

ይህን ረቂቅ ጽፌ ስጨርስ ለእኒያ ጠላ ለሚጠምቁት እናት ቤታቸው ሄጄ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «እኔስ? የኔ ጠላ በሰዓት ስንት ነው?» አሉኝ። ደብተር አወጣንና ገብሱን፣ ጌሾውን፣ እንጨቱን፣ ውኃውን እየጠሩልኝ ጻፍሁ። ሰዓቱ ላይ ስንደርስ ዝም አሉ። ብቅሉን ከሚያበቅሉበት ቀን ጀምሮ ያለውን አንድ በአንድ ሲያስቡ ቆዩና «ይሄን ሁሉ ደግሞ ሥራ ትይዋለሽ?» አሉ። አዎን አልኳቸው። ደብተሩን ተዉልኝ አሉኝና ተውኩላቸው።

የሚቀጥለው ጉባኤ በሐሳቡ ላይ ድምፅ ይሰጣል። ስትመጡ ላፕቶፕ የምትፈልጉም፣ የማትፈልጉም፣ ጠላና ዳቦ የምትሸጡም፣ ቅቤ የምታወጡም፣ አንዳንድ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት የሁላችንንም ሰዓት እንቆጥራለን።